ቀጥ ያለ እግር ሁሉ የተሻለ ጉልበት ነው? በኮምፒውተር የሚመራውን የጉልበት ቀዶ ጥገና በማስረጃ ስንመዝነው

ኮምፒውተር የገባበት ሥራ ሁሉ ይሻላል ብለን እናምናለን። አፍ አውጥተን ላንናገረው እንችላለን፤ ግን "በኮምፒውተር ነው የተሠራው" ሲባል ልባችን ያርፋል። ሆስፒታል ውስጥም እንዲሁ ነው። ጉልበት ለማስቀየር ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ ማስታወቂያዎችን ሲያገላብጥ "በኮምፒውተር የታገዘ"፣ "በሮቦት የታገዘ" የሚሉ ቃላት ዓይኑ ውስጥ መግባታቸው አይቀርም። ያንን ማስታወቂያ እንዲያነብ የሚጠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው። እናንተ ማለት ነው። "እስቲ እዩትማ፣ ይሄኛው አይሻልም?" ትባላላችሁ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ቀን ስንቅ እንዲሆናችሁ ነው። በዋናነት የምንመዝነው አንድ ታዋቂ ጥናት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ያንግ ሁ ኪምና ባልደረቦቹ ከደቡብ ኮሪያ ያሳተሙትን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ጥናቱ በኮምፒውተር የተመራውንና የተለመደውን የጉልበት ቅየራ ጎን ለጎን አስቀምጦ ከአሥር ዓመት በላይ ተከታተለ። ውጤቱ ደግሞ "ልዩነት የለም" ሆነ። ታዲያ ነገሩ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። ጥናቱ የመለሰው ጥያቄና ብዙ ሰው የመለሰ የሚመስለው ጥያቄ ለየቅል ናቸው። ይህን ለማየት ግን መጀመሪያ ሥራውን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጉልበት ሲቀየር ምኑ ነው የሚቀየረው?

"ጉልበቷ ተቀየረ" ሲባል ብዙ ሰው የመኪና ጎማ እንደሚቀየር፣ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እንደገባ አድርጎ ያስባል። እውነቱ ሌላ ነው። የሚነሳው የተበላው ገጽ ብቻ ነው። ከጭን አጥንት የታችኛው ጫፍና ከቅልጥም አጥንት የላይኛው ጫፍ 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ተቆርጦ ይነሳል። የጭን አጥንቱ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከኮባልትና ከክሮሚየም ቅይጥ በተሠራ ቆብ ይሸፈናል። ቅልጥሙ ላይ የብረት ትሪ ይቀመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከቲታኒየም ቅይጥ የተሠራ ነው። በሁለቱ መካከል ፖሊኤትሊን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ብረቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው አክሪሊክ ሲሚንቶ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ጅማቶች ግን የሰውየው የራሱ ናቸው፤ ባሉበት ይቆያሉ።

ስለዚህ ነገሩ ከጎማ ቅየራ ይልቅ ያረጀ ወለል አንስቶ ሴራሚክ ማንጠፍን ይመስላል። ሴራሚክ ሲነጠፍ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሥሩ ከተንጋደደ ላዩ አይቃናም።

ቀዶ ሐኪሙ ይህ እንዳይሆን አንድ የታሰበ መስመር ያሳድዳል። መስመሩ ከዳሌ መገጣጠሚያ መሃል ይነሳና ቁርጭምጭሚት መሃል ይደርሳል። ግንበኛ ግድግዳው መቆሙን በቱንቢ እንደሚያየው ሁሉ፣ ሐኪሙም እግሩን በዚህ መስመር ይዳኘዋል። መስመሩ በጉልበቱ መሃል ካለፈ፣ ክብደት በውስጥና በውጭ ጎን ተመጣጥኖ ያርፋል ተብሎ ይታሰባል። ወደ አንዱ ጎን ከ3 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ደግሞ "ከመስመር ወጣ" ይባላል።

3 ዲግሪ ምን ያህል ነው? የቅልጥሙ አናት ስፋት 7 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። መጋዙ በ3 ዲግሪ ከተንጋደደ፣ አንደኛው ጠርዝ ከሌላኛው በ3.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። የእስክሪብቶ ውፍረት ግማሽ ቢሆን ነው። ይቺን ታህል ስህተት ለማስቀረት ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ክርክር።

በዘንግ ወይስ በካሜራ?

የተለመደው መንገድ በግምት የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። ሐኪሙ የጭን አጥንቱን ጫፍ በስቶ መቅኒው ባለበት ክፍተት ውስጥ ረጅም የብረት ዘንግ ያስገባል። ይህ ክፍተት የሚከተለው ግን የአጥንቱን ቅርጽ ነው፤ ቅድም ያልነውን ከዳሌ የሚነሳ መስመር አይከተልም። በሁለቱ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ልዩነት አለ። ስለዚህ ዘንጉ ላይ የሚታሰረው የመቁረጫ መምሪያ ያንን ልዩነት አስልቶ ይስተካከላል። ቅልጥሙ ላይ ደግሞ ዘንጉ ከውጭ፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ተዘርግቶ ይታሰራል። ከዚያ መጋዙ በመምሪያው ስንጥቅ ገብቶ ይቆርጣል።

ድክመቱ የት ነው? የሰው አጥንት ፋብሪካ የሠራው ቧንቧ አይደለም። አንዱ ይጎብጣል፣ የሌላው ክፍተት ሰፊ ይሆንና ዘንጉ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። "6 ዲግሪ" ለአማካዩ ሰው ልክ ቢሆንም ጠረጴዛው ላይ ለተኛችው ሴትዮ ላይሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩ የመጣው ይህን ለመፍታት ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው የጉልበት ቅየራ በ1997 በፈረንሳይ፣ ግረኖብል በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተሠራ። አሠራሩ ደስ የሚል ጂኦሜትሪ ነው። ጭኑና ቅልጥሙ ላይ ብርሃን የሚመልሱ ትንንሽ ኳሶች የተተከሉባቸው ምልክቶች ይታሰራሉ። ኢንፍራሬድ ካሜራ እያንዳንዱ ኳስ በክፍሉ ውስጥ የት እንዳለ ይከታተላል።

ግን የዳሌ መገጣጠሚያ መሃል ከሥጋ በታች ተደብቆ ሳለ ኮምፒውተሩ እንዴት ያገኘዋል? እዚያው ባላችሁበት ሞክሩት። ክንዳችሁን ሳታጥፉ እስክሪብቶ ያዙና ቀስ እያላችሁ በሁሉም አቅጣጫ አዙሩት። የእስክሪብቶው ጫፍ የትም ይሂድ የት፣ ከትከሻችሁ ያለው ርቀት አይለወጥም። ማለትም ጫፉ የሚሄደው በአንድ ሉል ገጽ ላይ ነው፤ የሉሉ ማዕከል ደግሞ ትከሻችሁ ነው። ሐኪሙም የታካሚውን ጭን ያዞራል፣ ካሜራው ምልክቱ ያለፈባቸውን ነጥቦች ይሰበስባል፣ ኮምፒውተሩ ለነጥቦቹ የሚስማማውን ሉል ፈልጎ ማዕከሉን ያወጣል። ዳሌው ሳይከፈት ማዕከሉ ታወቀ ማለት ነው። ቁርጭምጭሚቱ ጋ ደግሞ ሐኪሙ ግራና ቀኝ ያሉትን የአጥንት ጉብታዎች በጠቋሚ ይነካል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር መቁረጫው ስንት ዲግሪ እንደተንጋደደ ይነግረዋል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ይህ ኮምፒውተር አይቆርጥም፤ መንገድ ያሳያል እንጂ መጋዙን የያዘው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ሐኪሙ የተሳሳተ ነጥብ ከነካ ኮምፒውተሩ ከተሳሳተው ነጥብ ተነስቶ በጣም ትክክለኛ የሆነ ስሌት ይሠራል። ስህተቱን አያውቅለትም።

ቀጥ ማድረግ ላይስ ይበልጣል?

በጥቅሉ አዎ። በ2007 የታተመ፣ 29 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ከመስመር በ3 ዲግሪ የወጡትን ቆጠረ። በተለመደው መንገድ ከተሠሩት 31.8 በመቶ፣ በኮምፒውተር ከተመሩት 9.0 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከሦስት አንድ ገደማ የነበረው ወደ አሥራ አንድ አንድ ወረደ ማለት ነው። ትልቅ ለውጥ ነው።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ማጠቃለያ 33 ጥናቶችንና 3,423 ታካሚዎችን ይዞ አንድ ረቂቅ ነገር ጨመረ። የሁለቱ ቡድኖች አማካይ አቀማመጥ አይለያይም። የሚለያየው መበታተኑ ነው። ይህን በዳርት ጨዋታ አስቡት። ሁለት ተጫዋቾች አሉ፤ የሁለቱም ውርወራ አማካይ መሃል ላይ ይወድቃል። የአንዱ ግን በየጠርዙ ተበትኗል፣ የሌላው ተሰብስቧል። አማካዩን ብቻ ካያችሁ እኩል ናቸው ትላላችሁ። ጠርዝ ላይ የወደቀችው አንዷ ውርወራ የእናታችሁ ጉልበት ብትሆን ግን መበታተኑ ያሳስባችኋል። ኮምፒውተሩ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ ሩቅ የሚስቱትን ይቀንሳል።

ዋጋው ደግሞ አለ። ይኸው ማጠቃለያ የቀዶ ጥገናው ጊዜ በአማካይ በ23 በመቶ እንደሚረዝም አሳይቷል። ምልክቶቹን ለማሰር አጥንቱ ተጨማሪ ቦታ ላይ ይበሳል፤ አልፎ አልፎም አጥንት በዚያ ቀዳዳ በኩል ሊሰበር ይችላል። መሣሪያውም በነጻ አይገኝም።

እስካሁን ያወራነው ግን ስለ ኤክስሬይ ነው። ታካሚ ደግሞ ሐኪም ጋ የሚሄደው ኤክስሬዩ እንዲያምርለት አይደለም። ደረጃ መውጣት ፈልጎ ነው፣ ሌሊት ሳይታመም መተኛት ፈልጎ ነው፣ ዳግም ላለመቆረጥ ነው። "እግሩ ቀና" ከሚለው ወደ "ሰውየው ተሻለው" ለመሻገር ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። የኮሪያው ጥናት የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

የኮሪያው ጥናት፦ ብርታቱ

ተመራማሪዎቹ ሁለቱም ጉልበቶቻቸው መቀየር ያለባቸውን 520 ሰዎች ወሰዱ። የእያንዳንዱ ሰው አንድ ጉልበት በኮምፒውተር ተመርቶ፣ ሌላኛው በተለመደው መንገድ ተቀየረ። የትኛው በየትኛው እንደሚሠራ የወሰነው ዕጣ ነው።

የሐሳቡን ውበት ተመልከቱ። ሁለት የተለያዩ ቡድኖችን ስናወዳድር ሁልጊዜ "ምናልባት አንደኛው ቡድን ቀለል ያሉ፣ ወጣት፣ አጥንታቸው ጠንካራ የሆኑ ሰዎች ቢሆኑስ?" የሚል ጥርጣሬ ይከተለናል። እዚህ ግን ግራ ጉልበትና ቀኝ ጉልበት የአንድ ሰው ናቸው። ዕድሜው አንድ፣ ክብደቱ አንድ፣ የሚበላው አንድ፣ የሚሄድበት ዳገት አንድ። ከዚህ የተሻለ ጥንድ ከየት ይመጣል?

ክትትሉም አጭር አይደለም፤ በአማካይ 10.8 ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ድጋሚ ቀዶ ጥገና ሳያስፈልጋቸው የቆዩት ጉልበቶች ግምት በኮምፒውተር ለተመሩት 98.8 በመቶ፣ ለተለመዱት 99.2 በመቶ ነበር። በሥራ ብቃትም ሆነ በዕድሜ ልዩነት የለም ብለው ደመደሙ። ሐቀኛ ሥራ ነው። ውድ መሣሪያ ይዞ "አልጠቀመም" ብሎ ማሳተም ራሱ ክብር ይገባዋል።

የኮሪያው ጥናት፦ የማይነግረን

አሁን ትችቱ። ሦስት ነጥብ አለኝ፤ የመጨረሻው ዋናው ነው።

አንደኛ፣ ሰው የሚሄደው በሁለት እግሩ ነው። አንዱን ጉልበት ከሌላው ጋር ማወዳደር ሕመምን ወይም መታጠፍን ለመለካት ይመቻል፤ "የቀኙ ነው የሚያመኝ" ማለት ይቻላልና። ግን "ስንት ሜትር ትሄዳለህ?"፣ "ደረጃ ያለ ድጋፍ ትወጣለህ?" ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ጉልበቱ አይደለም፣ ሰውየው ነው። ደካማው ጉልበት ጠንካራውን ይጎትተዋል፣ ጠንካራው ደካማውን ይሸፍንለታል። ስለዚህ ለጥናቱ ብርታት የሆነው ጥንድነት፣ ታካሚው በጣም ለሚፈልገው ለእርምጃው ግን መጋረጃ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የተበላሹት በጣም ጥቂት ናቸው። 98.8 በመቶ ከ520 ጉልበት ሲሰላ፣ በቀላል ሂሳብ ድጋሚ የተቆረጡት ስድስት ገደማ ይሆናሉ። 99.2 በመቶው ደግሞ አራት ገደማ ነው። በስድስትና በአራት መካከል ምን ዓይነት ፍርድ ትሰጣላችሁ? ሳንቲም አሥር ጊዜ ብትወረውሩ ስድስት ጊዜ አንበሳ ስለወጣ ሳንቲሙ የተበላሸ ነው አትሉም። ደህና ነው ብላችሁም አትምሉም። ጥቂት ክስተት ያለበት ጥናት ትልቅ ልዩነት እንደሌለ ይነግረናል፤ ትንሽ ልዩነት መኖር አለመኖሩን ግን ሊለይ አይችልም። "ልዩነት አላየንም" እና "ልዩነት የለም" አንድ አይደሉም። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከዚህ ጽሑፍ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል።

ሦስተኛ፣ በዚህ ጥናት የእግሮቹ አቀማመጥም አልተለያየም! ቅድም ያየናቸው ማጠቃለያዎች ኮምፒውተሩ ከመስመር የሚወጡትን በብዙ ይቀንሳል ብለው ነበር። እዚህ ግን በተለመደው መንገድ የተሠሩትም ያን ያህል ቀጥ ያሉ ሆኑ። ከዚህ ምን ይከተላል? ጥናቱ "ቀጥ ያለ ጉልበት ከተንጋደደው የበለጠ ይቆያል ወይ?" የሚለውን አልፈተነም፤ የሚያወዳድራቸው ሁለቱም ቀጥ ያሉ ነበሩና። የፈተነው "በሰለጠነ እጅ ላይ ኮምፒውተር ቢጨመር ምን ይመጣል?" የሚለውን ነው። መልሱም "ብዙ አይመጣም" ሆነ። ጎበዝ አናጢ ውሃ ልክ ባይይዝም ጠረጴዛው ይቀናለታል። ከዚያ ተነስቶ "ውሃ ልክ ለማንም አይጠቅምም" ማለት ግን ስህተት ነው። በዓመት ጥቂት ጉልበት የሚሠራ ሐኪም፣ ወይም በጣም የጎበጠ የጭን አጥንት ያጋጠመው ሐኪም ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ጥናት እሱን አልጠየቀም።

የምንለካበት መስመር ራሱ ልክ ነው?

እዚህ ላይ ወደ ሥሩ እንውረድ። ይህ ሁሉ ልፋት የተገነባው "ከ3 ዲግሪ አትውጣ" በሚል ሕግ ላይ ነው። ሕጉ ከየት መጣ? ከሚደገፍባቸው ማስረጃዎች አንዱ በ1991 በብሪታኒያ የታተመ፣ ዴንሃም በሚባል ሰው ሠራሽ ጉልበት ላይ የተሠራ ጥናት ነው። 115 ጉልበቶችን መርምሮ፣ መስመሩ በጉልበቱ መሃል ሲሶ ካለፈ ከመቶ 3ቱ፣ ካላለፈ ግን ከመቶ 24ቱ እንደላሉ አሳየ። ስምንት እጥፍ! ማንም ቢሆን ይደነግጣል።

በ2010 ደግሞ በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የተሠራ ጥናት ወጣ። 398 ጉልበቶችን ለ15 ዓመት ተከታትሎ፣ በ3 ዲግሪ ውስጥ ከነበሩት 15.4 በመቶው፣ ከ3 ዲግሪ ከወጡት ደግሞ 13 በመቶው በተለያየ ምክንያት ድጋሚ እንደተሠሩ ዘገበ። በስታቲስቲክስ ዓይን ሁለቱ እኩል ናቸው። "የተንጋደዱት" ቶሎ አልተበላሹም።

ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ሰው ሠራሽ ጉልበቶቹ የተለያየ ንድፍና ዘመን ያላቸው ናቸው፤ ለአንዱ ገዳይ የሆነ መንጋደድ ሌላው ሊችለው ይችላል። ደግሞም 3 ዲግሪ ግድግዳ አይደለም። 2.9 ላይ ያለው ጉልበት "ጥሩ"፣ 3.1 ላይ ያለው "መጥፎ" ተብሎ ይመደባል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ኤክስሬይ ሲነሳ እግር ትንሽ ዞር ቢል እንኳ የሚጠፋ ነው። የማዮው ጥናት ምንም ያህል ብትንጋደድ ችግር የለም አላለም። ያለው፣ በዚህች አንዲት ቁጥር ሰዎችን ለሁለት መክፈል ዕጣቸውን አይነግረንም ነው።

ከዚህም የሚገርም አለ። በ2012 ቤልጅየም ውስጥ 250 ጤነኛ ወጣቶች ተለኩ፤ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 27፣ ጉልበታቸውን የማያማቸው። ከወንዶቹ 32 በመቶው፣ ከሴቶቹ 17 በመቶው እግራቸው በተፈጥሮ 3 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ጉልበቱ ወደ ውጭ የጎበጠ ሆኖ ተገኘ። በቀዶ ሐኪሞቹ ሕግ ብንሄድ ከሦስት ወንድ ልጅ አንዱ ገደማ "ከመስመር የወጣ" ነው ማለት ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ግን ይሮጣል! እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ቢቀየርለትና "ፍጹም ቀጥ" ቢደረግ፣ ዕድሜ ልኩን ሌላ መስመር የለመዱት ጅማቶቹ ምን ይሰማቸዋል? ዛሬ ቀዶ ሐኪሞች አጥብቀው የሚከራከሩበት ጥያቄ ይህ ነው። አንዳንዶቹ እግርን ወደ አንድ ወጥ መስመር ከማምጣት ይልቅ ወደ ሰውየው የቀድሞ ቅርጽ መመለስ ይሻላል ይላሉ።

ይህ ክርክር ኮምፒውተሩን አይጥለውም፤ ሥራውን ይለውጠዋል። ኮምፒውተሩ "0 ዲግሪ" ብትሉት 0፣ "3 ዲግሪ" ብትሉት 3 ያመጣላችኋል። ስንት ዲግሪ ለማን እንደሚሻል ግን አልነገረንም። ያንን ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው።

የሚጠቀም ሰው የለም ማለት ነው?

አለ የሚል ፍንጭ አለ። አውስትራሊያ የመገጣጠሚያ ቅየራዎችን በአገር አቀፍ መዝገብ ትይዛለች። በ2015 የታተመ ትንተና በኮምፒውተር የተመሩ ከ44,000 በላይ ጉልበቶችን ከተለመዱት ጋር አወዳደረ። ዕድሜያቸው ከ65 በታች በሆኑት ላይ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ድጋሚ ቀዶ ጥገና የደረሰባቸው በተለመደው መንገድ 7.8 በመቶ፣ በኮምፒውተር ለተመሩት 6.3 በመቶ ነበር። ሁሉም ዕድሜ አንድ ላይ ሲታይ ግን ልዩነቱ ጠብቦ እርግጠኛ የማይሆኑበት ደረጃ ላይ ደረሰ።

ስሜት ይሰጣል። ወጣት የሆነ ሰው ብዙ ይራመዳል፣ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ትንሽ ስህተት ለመጠራቀም ጊዜ ታገኛለች። ልዩነቱ 1.5 በመቶ ነው። ከመቶ ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ማለት ነው፤ በሌላ አነጋገር አንድ ድጋሚ ቀዶ ጥገና ለማስቀረት ወደ 67 ሰዎች በኮምፒውተር መሠራት አለባቸው። ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? እንደ መሣሪያው ዋጋና እንደ አገሩ አቅም ይወሰናል።

መዝገቡንም መተቸት ግን ይገባናል። እዚህ ዕጣ አልተጣለም። ኮምፒውተሩን የሚመርጡ ሐኪሞች ምናልባት ይበልጥ ጠንቃቆች፣ ወይም ጉልበት አዘውትረው የሚሠሩ ቢሆኑስ? ያን ጊዜ የተሻለው መሣሪያው ሳይሆን ሰውየው ይሆናል። የኮሪያው ጥናት ፍትሐዊ ነው ግን ትንሽ፤ የአውስትራሊያው ትልቅ ነው ግን ፍትሐዊነቱ ያጠራጥራል። ሁለቱን ስታነቡ "ማን ዋሸ?" አትበሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፦ ጥቅሙ ካለ ትንሽ ነው፣ የሚታየውም በወጣቶቹ ላይ ነው፣ ለማየትም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያስፈልጋል።

ካሜራው የማያየው

አንድ ቁጥር ልጨምርና ላብቃ። በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ 1,703 ጉልበታቸው የተቀየረላቸው ሰዎች በ2010 በታተመ ጥናት ተጠይቀው ነበር። ከመቶ 19ኙ በውጤቱ አልረኩም። ከአምስት ሰው አንድ ማለት ነው። በሌላ በኩል በ2019 የታተመ ትልቅ ስሌት ከመቶ 82 ገደማ የሚሆኑ ሰው ሠራሽ ጉልበቶች 25 ዓመት እንደሚቆዩ ያሳያል። እንግዲህ እዩት፤ ብረቱ ይቆያል፣ ከአምስት ሰው አንዱ ግን ቅር ይለዋል። ችግሩ ሁሉ የመንጋደድ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ይፈታው ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት የተጠበቀው ነገር፣ የጭን ጡንቻ መድከም፣ ከዚያ በኋላ ያለው የፊዚዮቴራፒ ልምምድ፣ ሌላ ቦታ ያለ ሕመም፣ እነዚህን ካሜራው አያያቸውም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር መመራት እግርን በመስመሩ ላይ ለማስቀመጥ እውነተኛ እርዳታ ነው፤ በተለይ አጥንቱ ከተለመደው ቅርጽ ሲወጣና ዘንግ ማስገባት ሲያስቸግር። ታካሚን የተሻለ ያራምዳል የሚለው ግን እስካሁን በማስታወቂያው ድምፅ ልክ አልተረጋገጠም። "ምንም አይጠቅምም" የሚለውም እንዲሁ፤ የኮሪያው ጥናት ያንን ለመናገር አልተሠራም።

ስለዚህ ማስታወቂያውን አንብቡ ስትባሉ "ኮምፒውተር አላችሁ ወይ?" የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ አይሁን። ይልቅ እነዚህን ጻፉ፦ ሐኪሙ በዓመት ስንት ጉልበት ይሠራል? ድጋሚ የተሠሩት ስንት ናቸው? ኢንፌክሽን ስንቱን ያጋጥማል? ስለ ኮምፒውተሩ "ይበልጥ ትክክል ነው" ካሉ፣ ትክክለኛነቱ የተለካው በኤክስሬይ ነው ወይስ በታካሚው እርምጃ? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፊዚዮቴራፒውን ማን፣ ለስንት ጊዜ ይከታተላል? ወደ አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ለማን ይደወላል?

ለነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ያለው ሆስፒታል ኮምፒውተር ቢኖረው እሰየው። ባይኖረውም ጥሩ ሆስፒታል ነው።